የምንወደው ደራሲ በሞተ ጊዜ ክርስቲያን እንዴት ሊያዝን ይገባዋል?

አንባቢ ሆይ፤ አባትህ ወይም እናትህ፥ ወንድምህ ወይም የጎረቤትህ ልጅ በሞተብህ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባህ ታውቃለህ። መርዶ ነጋሪው በማለዳ ይመጣል፤ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ያለቅሳል፤ ቀባሪውም ከመቃብር ሲመለስ እጁን ታጥቦ ንፍሮ ይቀምስና «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎህ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ከአባቶቻችን ጀምሮ ሥርዓት ተሠርቶለታል። ነገር ግን ፊቱን አይተኸው የማታውቅ፥ እርሱም ስምህን ሰምቶ የማያውቅ፥ በመጽሐፉ ብቻ የተዋወቅኸው ሰው ሞተ ሲሉህ ልብህ ቢሰበር ወዴት ትሄዳለህ? ማንስ ድንኳን ይተክልልሃል? ቤተ ሰዎችህ ስታለቅስ ቢያገኙህስ ምን ብለህ ትመልስላቸዋለህ?

ይህን የምጠይቅህ በከንቱ አይደለም። በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ማረፋቸው በተሰማ ጊዜ፥ እኔ በምኖርበት ሰፈር እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት ሴት ነበረች። ይህች ሴት በልጅነቷ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ፊደል የቈጠረችው ካገባች በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ከማስተማሪያው መጽሐፍ ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያው ትልቅ መጽሐፍ ፍቅር እስከ መቃብር ነበረ፤ ይህንንም እንደ ማዕርግ ትናገረው ነበር። በዚያች ቀን ወሬውን ከሬዲዮ በሰማች ጊዜ ምጣዱን ትታ፥ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ ዘቅዝቃ ለብሳ፥ ከደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። ባሏም ወጥቶ «ዘመድሽ ናቸውን?» አላት። «አይደሉም» አለችው። «አይተሻቸው ታውቂያለሽን?» «አላውቅም።» «እንግዲያማ ተነሺ፤ እንጀራው እያረረ ነው» አላት። በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ የተከበሩ ሽማግሌም ነገሩን ሰምተው «ልጄ፥ እንባሽን ለኀጢአትሽ አስቀምጪው፤ ለተረት ጸሐፊ እንባ አይፈስስም» አሏት። እርስዋም አፍራ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

እኔ ከዚያ ቆሜ ነበርሁ። ሁሉን አየሁ፥ ሁሉን ሰማሁ፤ አንድ ቃል ግን አልተናገርሁም። ሽማግሌውን ማክበር መስሎኝ ነበር። እውነቱን ብናገር ግን፥ እኔ ራሴ ወሬውን በሰማሁ ጊዜ በሬን ዘግቼ አልቅሼ ነበርና፥ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ዝም አልሁ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ልነግራት ሲገባኝ ያልነገርኋት ቃል ነው። ዘግይቶአል፤ ሆኖም አንተም በእርስዋ ስፍራ ተቀምጠህ ታውቅ ይሆናልና አንብበው።

በመጀመሪያ የባሏን ጥያቄ እንመልከት፤ የሚናቅ ጥያቄ አይደለምና። ዘመድ ላልሆነ፥ ፊቱንም ላላየነው ሰው ማልቀስ ይገባልን? በሐዋርያት ሥራ በ9ኛው ምዕራፍ ስለ ኢዮጴዋ ጣቢታ የተነገረውን ታስታውሳለህ። ታማ በሞተች ጊዜ ጴጥሮስን ከልዳ አስጠርተው አመጡት፤ ወደ ሰገነቱም በወጣ ጊዜ መበለቶቹ ዙሪያውን ቆመው ያለቅሱ ነበር። ስለ ደግነቷ ንግግር አላደረጉም፤ የዘር ሐረጓንም አልቈጠሩም። ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ በሕይወት ሳለች የሰፋችላቸውን ቀሚስና መጐናጸፊያ እያነሡ ለሐዋርያው ያሳዩት ነበር። እስቲ ይህን ቆም ብለህ አስበው። እያንዳንዲቱ መበለት በእጇ የያዘችው ልብስ በአንድ ክረምት ከአንድ ብርድ ያዳናት ልብስ ነው። ሌላ ምስክርነት አላስፈለጋትም። ጴጥሮስም «ዘመዶቿ ናችሁን?» ብሎ አልጠየቃቸውም፤ «ለጨርቅ ሰፊ ይህን ያህል ማልቀስ ምንድር ነው?» ብሎም አልገሠጻቸውም።

ምናልባት «እነዚያ መበለቶች ጣቢታን በዐይናቸው አይተዋታል፤ ከእርስዋም ጋር በልተዋል ጠጥተዋል» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ልዩነቱን አልክድም። ነገር ግን አንተ ራስህ ደግመህ አስብ። ሰፊ ልብስ የሚሰፋልህ ትከሻህንና ወገብህን ለክቶ ነው። ደራሲ ግን አንተን ሳያይ፥ ምናልባትም ገና ሳትወለድ፥ በሌላ አገር ወይም በሌላ ዘመን ተቀምጦ የሰፋው ነገር ለአንተ ልክ ሆኖ ይገኛል። ማንም ያልነገርኸው፥ ለንስሓ አባትህም እንኳ ቃል አጥተህለት የቀረኸው ጭንቀት በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ያን ጊዜ «ይህ ሰው እኔን ያውቀኛል» ትላለህ። አላወቀህም፤ ግን ብቻህን እንዳልሆንህ አስታወቀህ። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ልብስህን አንሥተህ ብታሳይ ማን ይከለክልሃል?

ደግሞም ይህ ኀዘን የእኛ አገር ሰው ብቻ ነገር አይደለም። የእንግሊዙ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1870 በሞተ ጊዜ፥ እርሱ ያለ ሆይሆይታ እንዲቀበር ተናዝዞ ነበርና ቀብሩ በጥቂት ሰዎች ፊት ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ግን መቃብሩን ለጥቂት ቀን ሳይደፍኑ ትተውት፥ በሎንዶን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሺህ በሺህ የሚሆን ሕዝብ እያለፈ አየው። ከእነዚያ ሰዎች የሚበዙት አንድ ቀን እንኳ ከእርሱ ጋር እንዳልተነጋገሩ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ቃል እንመለስ፤ ከባሏ ቃል ይልቅ የሚከብደው እርሱ ነውና። «ለተረት ጸሐፊ እንባ አይፈስስም» አሉ። እኚህ ሰው ክፉ ሰው አልነበሩም። በሕይወታቸው ብዙ ከንቱ ነገር አይተዋል፤ ወጣቶች በማይረባ ወሬ ጊዜያቸውን ሲያጠፉም ተመልክተዋል። ነገር ግን ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በተላከ ጊዜ ምን ይዞ እንደ ሄደ እናስታውስ። ሕግ አልጠቀሰለትም። ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት የበግ ጠቦት ተረት ነገረው። ያ ድኻ በምድር ላይ አልነበረም፤ ጠቦቲቱም አልነበረችም፤ ዳዊት ግን ላልነበረ ሰው ላልነበረች በግ በእውነት ተቈጣ። ቍጣውም ዞሮ ራሱን ሲይዘው ንስሓ ገባ። ጌታችንም ሕዝቡን በምሳሌ ያስተምር እንደ ነበረ ማንም ክርስቲያን ያውቀዋል። እንግዲህ ተረት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ዳዊት ንስሓ የገባበትን በር መዝጋቱ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁም የጻፉት እንዲህ ያለ ነገር ነበረ። በጎጃም ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው፥ በኋላም አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ዘምተው ተዋጉ፤ ከራስ እምሩ ጋር ከነበሩት አርበኞች ጋር ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና በደሴት ላይ ታሠሩ፤ ግዞታቸውም ሰባት ዓመት ያህል ነበረ። ከተመለሱ በኋላ ሚኒስትርና አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ባለሥልጣኖች ክብር ቢጽፍ ማንም አይደነቅም ነበር። እርሳቸው ግን በ1958 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ የጻፉት ስለ ድኻ ገበሬ ልጅ ስለ በዛብህ ነው። ወላጆቹ እርሱ ቢያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ስእለት ገቡ፤ ልጁ ያልተሳለውን ስእለት ዕድሜውን ሙሉ ተሸከመ። ፊታውራሪው መሸሻ በዘራቸው ስለሚመኩ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የሚመጥናት ባል አጥታ ዕድሜዋ አለፈ። እውነት የሚናገረውን ካሣን ደግሞ ሰው ሁሉ እብድ ነው እያለ ጉዱ ካሣ አለው።

ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ እኔን የነካኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ካሣ የተናገረው ነገር ሁሉ አሁን ለማንም ግልጥ ነው፤ ሰውን በዘሩ መመዘን ኀጢአት መሆኑን ዛሬ ሕፃን ያውቀዋል፤ ቢያንስ በአፉ ይናገረዋል። በዚያ ዘመን ግን ይህን ያለ ሰው ጉድ ተባለ። አንባቢውም መጽሐፉን ሲዘጋ «እኔስ በዛሬው ዘመን እብድ ያልሁት ማንን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በርግጥ በመጽሐፉ ውስጥ ካህናትና ደብተሮች የሚነቀፉበት ስፍራ አለ፤ በዚህም የተቈጡ አሉ። እኔ በሁሉ ነገር ከደራሲው ጋር አልስማማም። ነገር ግን በሁሉ የሚስማሙህን ብቻ የምታለቅስላቸው ከሆነ፥ ወንድሜ ሆይ፥ ለራስህ ካልሆነ በቀር ለማንም አታለቅስም።

መጽሐፉን ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ አነበበላቸው። እርሱም ከደራሲው አስቀድሞ ዐረፈ። በየመንደሩ አንድ ሬዲዮ ካለበት ቤት ሰው ተሰብስቦ ያደምጥ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ፤ የቡናው ሴት ረከቦቷን ይዛ ከዚያው ትቀመጥ ነበር፤ ንባቡም በቀጠሮ ስለ ነበር ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንኳ ሰዓቱን ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ በኅዳር 1996 የሞቱት የአንድ ሰው ቤተ ሰብ ሐዘን ብቻ አልነበሩም፤ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ መርዶ ነበር፤ ከዚያ ድምፅ በኋላ አሁን ደግሞ እጁ ሞተ ማለት ነውና።

አሁን ግን ልብህን አጽናና ስማኝ፤ ኀዘን ተፈቅዶአል ማለት ኀዘን ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ልጅነቱ ሲናገር፥ ቨርጂል በተባለው የሮማ ባለ ቅኔ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሞተችው ስለ ንግሥት ዲዶ ያለቅስ እንደ ነበር ይገልጣል፤ በኋላም በዚህ ራሱን ይከስሳል። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ «አውግስጢኖስ በመጽሐፍ ላይ ማልቀስን ኰነነ» ይላል። እኔ ግን ክሱን በትኩረት ለሚያነብ ሰው እንዲህ አይመስለኝም። ራሱን የከሰሰበት ነገር ለዲዶ ማልቀሱ ብቻ አይደለም፤ ለእርስዋ ሲያለቅስ እርሱ ራሱ ከእግዚአብሔር ርቆ ይሞት እንደ ነበረ አለማየቱ፥ ለዚያም አንድ እንባ አለማፍሰሱ ነው። እንባው ወደ ሩቅ አገር ፈስሶ የቅርቡን መሬት ደረቅ አድርጎ ትቶት ነበር።

ይህ በሽታ ዛሬም በእኛ ቤት አለ። ለሰብለ ወንጌል ዕድል ያለቀሰች፥ በሥጋ ዘመድ ትእዛዝ የታሠረች ሴት ታሳዝነኛለች የምትል እመቤት፥ ከወጥ ቤቷ ያለችውን የገጠር ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወላጆቿን ትጠይቅ ዘንድ አትለቅቃትም። የበዛብህን ድኽነት እያነበበ ዐይኑ እንባ የሚሞላ ጌታ፥ ያንኑ ቀን ለቀን ሠራተኛው ደመወዙን ወር ያሻግርበታል። እኔም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ደራሲው ሞተብኝ ብለህ ከማልቀስህ በፊት፥ እርሱ ሲጽፍ ያዘነላቸው ሰዎች ከአንተ ቤት ውስጥ አሉን? ብለህ ዙሪያህን ተመልከት። ካሉ፥ መጀመሪያ ከእነርሱ ጋር ታረቅ፤ ከዚያ ወዲያ ልቅሶህ እውነተኛ ይሆናል።

ሌላም ስንክሳር አለ፤ እርሱን ግን በአጭሩ አልፈዋለሁ፥ ሁሉም ያየዋልና። በዛሬው ጊዜ አንድ ደራሲ ሲሞት ሰው ሁሉ የሟቹን ሥዕል በስልኩ ላይ እየለጠፈ «ትልቅ ዋርካ ወደቀ» ይላል። ከእነዚህ ውስጥ አንድ መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰ ምን ያህል ይሆን? በሕይወት ሳለ ማተሚያ ቤት ገንዘብ አምጣ ሲለው፥ ብድር ለምኖ መጽሐፉን ሲያሳትም፥ ያልገዛነው ሰው በሞተ ጊዜ «አባታችን» ማለት የቀባሪ ሳይሆን የገበያ ልቅሶ ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እየተባዛ በርካሽ የሚሸጠውን መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብም ከዚሁ ይቈጠራል፤ ከሸማኔው ሸማውን ሰርቀህ ለብሰህ ቀብሩ ላይ በዚያው ሸማ ተጠቅልለህ ማልቀስ ነውና።

ስለ ሙታን ፍርድ ደግሞ ተጠንቀቅ። ደራሲ በሞተ ቍጥር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሣሉ፤ አንዱ «ቅዱስ ነበረ፥ ስሕተት አልተገኘበትም» ይላል፤ ሁለተኛውም «ጾም አልጾመም፥ ቤተ ክርስቲያን አልሳመም፥ እንዴት ይሆንለታል?» እያለ በድንኳን ሥር ያንሾካሽካል። ሁለቱም በማያገባቸው ዙፋን ላይ ተቀምጠዋል። አንተ የምታውቀው የሰፋልህን ልብስ ነው፤ እርሱን አሳይ። ልብስ ያልሰፋልህ ከሆነም ዝም በል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈ ጊዜ እንዳያዝኑ አልከለከላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ነው የነገራቸው። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ አለቀሰ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን መቃብር የሌለው ኀዘን ነው። በዓሉ ግርማ ኦሮማይ የተባለውን መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. አወጣ፤ መጽሐፉም ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ጠፋ። መቃብሩ የት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ለእርሱ መርዶ ነጋሪ አልመጣም፤ ሠልስት አልወጣለትም፤ ቤተ ሰቡ በር ሲንኳኳ በተስፋና በፍርሃት መካከል ሆነው ይነሡ ነበር። አንባቢዎቹም በይፋ ማልቀስ አልተቻላቸውም፤ ስሙን ማንሣት ያስፈራ ነበርና። ያን ጊዜ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ይዞር ነበር፤ የሚያነበው ሰው ሌሊት መስኮቱን ዘግቶ ያነብብ ነበር። እኔ ይህን እንደ ልቅሶ እቈጥረዋለሁ።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ሪጽፋ ተጽፎአል። ልጆችዋ ተገድለው ሳይቀበሩ በቀሩ ጊዜ ማቅ አንጥፋ በዓለቱ ላይ ተቀመጠች፤ ቀን ወፎችን፥ ሌሊት አውሬዎችን እየከለከለች ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ጠበቀቻቸው። ንጉሡን አልከሰሰችም፤ ሰልፍም አልሰበሰበችም፤ በዚያ ብቻ ተቀመጠች። ዳዊትም ይህን በሰማ ጊዜ ዐፅማቸውን ሰብስቦ አስቀበረ። መቃብር የሌለውን ደራሲ የምትወድድ አንተ፥ ከዚህች ሴት የምትማረው ይህ ነው፤ ስሙ በወፎች እንዳይበላ ጠብቀው። ልጅህ «ይህ መጽሐፍ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅህ የጸሐፊውን ስም ብቻ ሳይሆን የደረሰበትንም ንገረው።

አሁን የራሴን ነገር ልናገር፤ ስለ ሰው ተናግሬ ስለ ራሴ ዝም ብል አድልዎ ይሆንብኛል።

እኔ ፍቅር እስከ መቃብርን የገዛሁት በመጀመሪያው ደመወዜ ነበር። አንብቤ በጨረስሁ ጊዜ ለደራሲው የምስጋና ደብዳቤ ጻፍሁ። አራት ገጽ ነበረ። እርሳቸው በዚያን ጊዜ እኔ በምኖርበት በአዲስ አበባ ከተማ ይኖሩ ነበር፤ ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ብጠይቅ አጣለሁ አልልም። ነገር ግን ደብዳቤውን ደግሜ ሳነብበው ቃሉ ያልተማረ ሰው ቃል መሰለኝ፤ «አስተካክዬ እልከዋለሁ» ብዬ በመጽሐፉ ውስጥ ከተትሁት። ከዚያም ሥራ በዛ፤ ትዳር መጣ፤ ልጆች ተወለዱ። አርጅተዋል፥ ታምመዋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ በሰማሁ ቍጥርም «በዚህ ሳምንት» እል ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው ዐረፉ፤ እግዚአብሔር ይህን ያህል ረጅም ዕድሜ የሰጣቸው እኔን ለመጠበቅ ጭምር ይመስለኛል፤ እኔ ግን አልደረስሁም።

በዚያች ቀን ያቺ ሴት ወደ ምጣዷ ከተመለሰች በኋላ እኔ ወደ ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድሁ። ደብዳቤው ካስቀመጥሁበት ገጽ ላይ ነበረ፤ ወረቀቱ ወይቦ ቀለሙ ከገጹ ላይ ታትሞ ነበር። ያለቀስሁትም ያን ጊዜ ዳግመኛ ነው፤ የጥዋቱ እንባ ለእርሳቸው ነበረ፥ የማታው ግን ለራሴ ስንፍና። ከቃሉም ውስጥ ነውር የሚሆን ነገር ፈልጌ አጣሁ። አንድ ወጣት አንድ ሽማግሌን የሚያመሰግንበት ተራ ደብዳቤ ነበረ።

ለሟች ደብዳቤ አይላክም። በእሳት ላቃጥለው አሰብሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ደግሜ ሳነብበው ግን በሁለተኛው ገጽ ላይ ማንበብ የተማርሁት በመንደራችን ከዛፍ ሥር መሆኑን፥ ያስተማሩኝም አንድ የኔታ መሆናቸውን ጽፌ አገኘሁ። እኚህ የኔታ ሞተዋል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በሕይወት መኖራቸውንም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከገና በኋላ ወደ አገሬ ሄድሁ። የኔታ በሕይወት ነበሩ፤ ዐይናቸው ግን ጠፍቶ በልጃቸው ቤት ከምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ይቀመጡ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ነገርኋቸው፤ አባቴን እንጂ እኔን አላስታወሱኝም። ለእርሳቸው በአዲስ ወረቀት ደብዳቤ ጽፌ ሄጄ ነበር፤ በአፌ ብናገር አፍሬ እንደማቋርጥ አውቄ ነውና። «የኔታ፥ ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ፤ ላንብብልዎን?» አልሁ። «አንብብ» አሉኝ።

አነበብሁ። በሙሉ ጸጥ ብለው ሰሙኝ፤ ልጃቸውም ጭልፋውን እንደ ያዘች ከምድጃው ዘንድ ቆማ ትሰማ ነበር። ስጨርስ የኔታ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ዳሰሱት።

«ከመካከሉ ላይ አንድ ቃል ዋጥህ» አሉኝ። «በልጅነትህም እንዲህ ትውጥ የነበርህ አንተ ነህ፤ አሁን ዐወቅሁህ። ድገመው፤ ሳትውጥ።»

እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምሁት።